ልሙጡ ፊት

አፕሪል 12 ቀን 2003፣ ቪጃያዋዳ

የኮታያ ዓይን ተመልሶ ነጣ።

አካ፣ ታላቅ እህቴ፣ ሰላምታውን ከዚህ ወሬ በታች በማስቀመጤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ? ደረጃ የሌለው ቤት መኖር ከጀመሩ ወዲህ ሻል አለዎት? እኔ ደህና ነኝ፤ ሙቀቱ ብቻ ዘንድሮ ቀድሞ መጣ። ወንበርዎ ላይ እስካሁን ማንም አልተቀመጠም። ዕቃ አጣቢያችን ሱሪባቡ አንድ ቀን ቁጭ አለና «አካ እንደዚያ የምትቆጣን ከዚህች ላይ ሆና ነው? ወንበሩ እኮ ምንም የለበትም» ብሎ ተነሣ።

ስለ ኮታያ ጠይቀውኝ ነበር። ኖራ ቀቢው ነው፤ ለምርመራ የመጣ ቀን ደረጃችን ላይ ተኝቶ አግኝተው «የሆቴል አልጋ መሰለህ?» ያሉት። ለዳሰራ በዓል ግድግዳ ሲያነጣ የኖራው ባልዲ ቀኝ ዓይኑ ላይ ተደፋበት። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ዶክተር ፕራባካር ከደህናው ከግራ ዓይኑ፣ ከጥቁሩና ከነጩ ድንበር ላይ፣ የሩዝ ፍሬ የማታክል ቁራጭ ወስደው ሰጡኝ። በእንግዴ ልጅ ሽፋን ላይ አሳደግኳት። በአሥራ አራተኛው ቀን ከነሽፋኑ ቀኝ ዓይኑ ላይ ተሰፋ። እርስዎ ጡረታ ከወጡ በኋላ ብቻዬን የሠራሁት የመጀመሪያዬ ነበር።

አምስት ሳምንት ጥሩ ነበር። ጣት ቆጠረ፣ የሚስቱን የፖለማን ሳሪ ቀለም ለየ። ከዚያ ደም ሥሮቹ ከዳር ተነሥተው ገቡ፣ በላያቸው ነጩ መጣ። ትናንት ዶክተሩ ሲያዩት እኔም ነበርኩ።

«ጠብታውን በቀን ስንቴ ነው የምታደርገው?»

«ስድስቴ፣ ጌታዬ።»

«ስድስቴ ያደረገ ሰው ዓይን እንዲህ አይሆንም።»

ፖለማ ባሏን በክርኗ መታችው። «ሥራ ቦታ ስትሆንስ? መሰላል ላይ ተሰቅለህ ማን ያደርግልሃል? ዝንጀሮ!»

«ወርጄ ነዋ የማደርገው» አለ።

ዶክተሩ ፋይሉ ላይ ጻፉ። የጻፉትን አየሁት፤ ታካሚው መድኃኒቱን በአግባቡ አልተጠቀመም ይላል።

እግርዎን በአክብሮት እነካለሁ።

ናጋማኒ


አፕሪል 18 ቀን 2003፣ ኮናሲማ

ለልጄ ለናጋማኒ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። ጉልበቴ እንዳለ ነው። ምራቴ ኮኮናት ሳይፋቅ ወጥ አይጣፍጥም ትላለች፤ ስፍቅ እውላለሁ። እዚህ ያለሁት ለዚህ መሰለኝ።

በሁለተኛው ደብዳቤሽ የጠየቅሽኝን አሰብኩበት። በአምስተኛው ቀን በማይክሮስኮፕ ስታዪያቸው ሕዋሶቹ ድንጋይ እንደተነጠፈበት መንገድ ጎን ለጎን መተኛት ሲገባቸው፣ ረዛዝመውና ተበታትነው እንደ ደረቀ ሣር ሆነው አየሁ ብለሻል። ሕያዋን ስለነበሩ ዝም ብለሽ ቀጠልሽ። እኔም ብሆን እቀጥል ነበር፤ በዚህ አታልቅሺ።

ስትቀጠሪ የነገርኩሽን ታስታውሻለሽ? ሕዋስ ምን መሆን እንዳለበት የሚነግረው የተኛበት ነው። በሽፋኑ ልሙጥ ፊት ላይ ያሉት ፕሮቲኖች፣ ዶክተሮቹ ላሚኒን ምናምን የሚሉት፣ ሕዋሱን ይይዙታል፤ እዚሁ ሁን፣ ከጎረቤትህ አትለይ ይሉታል። ከሥር ያለው ሻካራው ፊት ደግሞ ወፍራም የኮላጅን ድር ነው። እዚያ ላይ የወደቀ ሕዋስ ይሰምጣል፣ ይበተናል፣ ባሕርዩ ይለወጣል፤ መስታወት መሆኑ ይቀርና ጠባሳ ይሠራል። ከአንድ ዓይን፣ ከአንድ ቁራጭ የመጡ ሕዋሶች ናቸው። ይህን ታውቂዋለሽ፤ ለምን እንደምጽፍልሽ አላውቅም።

ሰዎች ዓይናቸውን ያሻሉ፣ ልጄ። ጠብታ ይረሳሉ። ዶክተር ፕራባካር ብዙ ጊዜ አይሳሳቱም። ነገሩን አትቆፍሪ።

ሽፋኑን ያወጣሽው ከየትኛው ሣጥን ነው?

አናሱያ


አፕሪል 26 ቀን 2003፣ ቪጃያዋዳ

አካ፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። መልሱን በማዘግየቴ ይቅርታ።

ሣጥኑ የእርስዎ የመጨረሻው ነው። በጃንዋሪ፣ በሳንክራንቲ በዓል ሳምንት ሁላችንም አገራችን ስንገባ ብቻዎን ቀርተው ያዘጋጁት፤ ክዳኑ ላይ ቀኑን የጻፉበት። አሥራ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ለኮታያ ወጣ።

ጥያቄዎ እንቅልፍ ነሣኝ ልል አልፈልግም። ተኛሁ። ጠዋት ግን ከሰው በፊት ገብቼ አራቱን ከማቀዝቀዣው አውጥቼ አቀለጥኩ። ከድጋፍ ወረቀታቸው ተላቀው ውኃው ላይ ሲንሳፈፉ ያው እንደሚያውቋቸው ናቸው፤ ከየትም ቢያዩዋቸው ያሳልፋሉ፣ ፊትና ጀርባ የላቸውም። ያለው ምልክት ማዕዘኑ ላይ የተቆረጠችው ብቻ ናት። ረጅሙን ጎናቸውን አቁሜ፣ ቁርጧን በላይኛው ቀኝ ጥግ አድርጌ ዘረጋኋቸው፤ እንዳስተማሩኝ፣ ቁርጡ በቀኝ ከሆነ ልሙጡ ወደ ላይ ነው ብዬ። ከዚያ የደረቀ የስፖንጅ ጫፍ አስነካኋቸው። ልሙጥ ቢሆን ስፖንጁ ተንሸራቶ ይሄድ ነበር። የመጀመሪያው ተጣበቀና እንደ ባሚያ ድር ሳበ። ሁለተኛውም። አራቱም።

አካ፣ በዚያ ሣጥን ውስጥ ቁርጡ ያለው በተቃራኒው ጥግ ነው። የኮታያን ሕዋሶች በሻካራው ላይ ነው ያስተኛኋቸው።

የቀሩትን ሰባቱን «አይነካ» ብዬ ከታች አስቀምጫለሁ። ሱሪባቡ «ምንድነው፣ ጣፋጭ ደብቀሽ ነው?» አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ከቤትዎ አጠገብ ያለው ሱቅ ስልክ ላይም አልደውልም፤ መንገዱ ሁሉ ይሰማል ብለውኛል።

ስለዚህ በደብዳቤ እጠይቃለሁ። ያንን ሣጥን ሲቆርጡ ምን ሆነው ነበር?

እኔም የምነግርዎ አንድ ነገር አለኝ። ለዛሬ ይቆየኝ።

ናጋማኒ


ሜይ 3 ቀን 2003፣ ኮናሲማ

ናጋማኒ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እዚህ ነፋስ ነበረ፤ ከዛፎቹ ሁለቱ ወደቁ። ልጄ ደህና ነው።

ሰላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። አንቺ ገና ሳትወለጂ የሬሳ ዓይን በበረዶ ሣጥን ታቅፌ በባቡር አመላልስ ነበር። አሁን ምን ሆነሽ ነበር ተብዬ ልጠየቅ? በአራት ቁራጭ ነው የምትከሺኝ?

እኔ ደግሞ ልጠይቅሽ። የስፖንጁ ፈተና ከሕዋሱ በፊት ነው ወይስ ዓይን ከጠፋ በኋላ? ቅጹ ላይ «ፊቱ ተፈትኗል» የሚል መስመር አለ። እኔ ነኝ ያስገባሁት። ከሥሩ የማን ፊርማ ነው ያለው?

አናሱያ


ሜይ 10 ቀን 2003፣ ቪጃያዋዳ

አካ፣

የእኔ ፊርማ ነው። አልፈተንኩም።

ልነግርዎ ያቆየሁት ይህንን ነበር፤ ቀደሙኝ። ቁርጡን አየሁ፣ በቀኝ ነበረ፣ ዘረጋሁ፣ ፈረምኩ። እርስዎን ሁለት ዓመት ከጎንዎ ቆሜ አይቻለሁ፤ ስፖንጁን የሚያነሱት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም። ለማመካኘትም ነው።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ቀድጄ ልጥለው አስቤ ነበር። አሁን ተናድጄ እንደምጽፍ ያውቁታል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን የተፈጠረውን ይስሙ።

ኮታያ ባለፈው ሳምንት ከመሰላል ወደቀ። በአንድ ዓይን ርቀት አልለካ ብሎት ኖሮ፣ ሁለተኛውን መወጣጫ መሬት መስሎት አየር ረገጠ። የእጁ አንጓ ተሰንጥቋል። አጥንት ቤት ከጠቀለሉለት በኋላ ሚስቱ እየጎተተች ወደኛ አመጣችው፤ የላቦራቶሪውን በር አንኳኩታ እኔን አስጠራች።

«ዓይን የምታበቅይው አንቺ ነሽ?»

«ሕዋስ ነው» አልኳት።

«ዓይንም ይሁን የምትይው ይሁን። ንገሪኝ፣ ይሄ ሰውዬ ጠብታውን ረስቶ ነው?»

ከኋላዋ «አልረሳሁም አልኩሽ እኮ» አለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ! ዶክተሩ ረስቷል አሉ። ዶክተር ይዋሻል?» ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ይሄን ሰው ወር ሙሉ በነገር ጠብሼዋለሁ። እህል ሳቀርብለት እንኳ ‹ይሄንንስ አትረሳም› እያልኩ ነው። ረስቶ ከሆነ ይበለው፣ ይገባዋል። ካልረሳ ግን ንገሪኝ፣ እዚሁ እግሩ ላይ ልውደቅ።»

አላውቅም አልኳት፣ አካ።

ሄዳ ውኃ ስትጠጣ ኮታያ ቀረብ አለኝ። «እህቴ፣ እንደገና መሥራት ይቻላል ይላሉ። እውነት ነው?»

ይቻላል። ከግራው ዓይን ሌላ ቁራጭ ይወሰዳል። ዶክተር ፕራባካርን ስለዚሁ ጠይቄያቸው ነበር። «የሰውየው ደህና ዓይን አንዲቷ ናት፤ ጠብታ ለማይጠብቅ ሰው ሁለተኛ አልቆርጣትም» አሉኝ። የመጀመሪያው የከሸፈው በሰውየው ጥፋት ከሆነ ልክ ናቸው። በእኛ ከሆነ ግን ይቆርጣሉ፤ አውቃቸዋለሁ።

ለኮታያ ይህን ሁሉ አላልኩትም። «ዶክተሩ ናቸው የሚወስኑት» አልኩት። «ይቅርታ ብጠይቃቸውስ?» አለኝ። «ለምኑ?» ስለው፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ለሚፈልጉት» አለ።

የእኔ ኮንትራት የሚታደሰው በጁን ነው። ሐሰት የፈረመችን እንደማያስቀጥሉ ያውቃሉ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ አላውቅም ማለቴ ነው።

እርስዎ ምን ሆነው እንደነበር አሁንም አልነገሩኝም።

ናጋማኒ


ሜይ 17 ቀን 2003፣ ኮናሲማ

ለልጄ ለናጋማኒ፣

ባለፈው የጻፍኩልሽን አፈርኩበት። ይቅር በይኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጀምሬ ጥያለሁ። ይኸኛው ይደርስሻል።

እኔ ግራ እጅ ነኝ። ሰላሳ አንድ ዓመት ከጎኔ የተቀመጠ ሰው አያውቅም። እናቴ ሩዝ በግራ ስጎርስ ባገኘችኝ ቁጥር እጄን በትኩስ ማንኪያ ትነካኝ ነበር። በግራ ተሰጥቶ ማን ይቀበላል፣ በግራ አጉርሶ ማን ይባረካል። ቀኜን ለመድኩ። ሰው ፊት መቀስ ስይዝ በቀኜ ነው፤ በደንብም እቆርጣለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ግራዬ ሳልጠራው ይመጣል።

በሳንክራንቲው ሳምንት ሕንፃው ባዶ ነበር። አንዲት እናት በቀዶ ጥገና ወልዳ የእንግዴ ልጁን ሰጠችን፤ የሚቆይ ነገር አይደለም። ቁጭ ብዬ አሥራ ሁለት ቆረጥኩ። ፀጥ ያለ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። መቀሱ በግራዬ ነው የነበረው። በቀኙ ለያዘ የቀኙ ጥግ እንደሚቀርበው፣ ለእኔ የግራው ቀረበኝ። ልሙጡ ወደ ላይ እንደሆነ የግራውን ጥግ ቆረጥኩ። አንቺ በቀኝ ስታደርጊው ተገለበጠ። ይኸው ነው።

አሁን ከዚህ የሚብሰውን ልንገርሽ። ያወቅኩት አንቺ ስትጽፊልኝ አይደለም። በሽኝቴ ቀን ነው። መድረኩ ላይ የክብር ሻሉን ትከሻዬ ላይ ሲያደርጉልኝ በሁለት እጄ ጫፎቹን ያዝኩ፤ ግራዬ ቀድሞ ሄደ። የዚያን ጊዜ ሣጥኑ ትዝ አለኝ። ዶክተር ፕራባካር ንግግር ላይ ነበሩ። አንቺ ሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠሽ ታለቅሻለሽ። ወርጄ «አንድ ጊዜ ማቀዝቀዣውን ልክፈት» ማለት እችል ነበር። ለምን ቢሉኝ ምን እላለሁ? ናጋማኒ ትፈትነዋለች አልኩ ለራሴ። እንደማትፈትኚው አውቅ ነበር፤ እኔም አልፈትንም ነበርና። መኪና ውስጥ ገባሁ።

ከዚህ ጋር ለዶክተር ፕራባካር የጻፍኩት አለ፤ አልታሸገም፣ አንብቢው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ይናገራል። የቀረችኝ ስም ናት፤ ይውሰዷት። ስጪያቸው፤ ሰውየውም ሁለተኛ ዕድል ያግኝ፣ አንቺም ሥራሽን ያዢ። ከአንቺ የምፈልገው ቃል የለም።

አናሱያ


ሜይ 23 ቀን 2003፣ ቪጃያዋዳ

አካ፣

ይህን የምጽፈው ምድር ቤት፣ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሆኜ ነው። ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ስለምጽፍ ፊደሉ ቢጣመም አይፍረዱብኝ። ጤናዎን ሌላ ጊዜ እጠይቃለሁ።

ለዶክተሩ የጻፉትን አልሰጠኋቸውም። አራት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። አንድ ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጃለሁ። ያዘነልኝ ሰው የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ እውነቱ ግን አንድ ቦታ ላይ ይጎድላል። «ናጋማኒ ያስተማርኳትን ሁሉ አድርጋለች» ይላል። ያንን መስመር ይዤ ከገባሁ ዳግመኛ የፈረምኩ መሰለኝ። እሱን ትቼ ሌላውን ብቻ መስጠት ደግሞ አይቻልም፤ አንድ ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ አቆየሁት። እያቆየሁት ሌላ ነገር ሆነ።

ዛሬ ጠዋት ኮታያ መጣ። ቀጠሮ የለውም፤ ከሰው መሐል ተሻምቶ ዶክተሩ ክፍል ገባ። ስላይድ ላደርስ እዚያው ነበርኩ። የተጠቀለለችውን እጁን በደህናው ይዞ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ረስቼ ነበር» አላቸው።

«ምኑን?»

«ጠብታውን። ብዙ ቀን ረስቻለሁ። ዋሽቼዎታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለተኛ አልረሳም።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ በለሰለሰ ድምፅ ነው የተናገሩት። «እንግዲህ እውነቱን በመናገርህ ጥሩ አድርገሃል» አሉት። ከዚያ ፋይሉን አውጥተው ጻፉና ለእኔ አቀበሉኝ። «ይህን ወደ መዝገብ ቤት አውርጂው። ተዘግቷል።»

ኮታያ አልገባውም። «መቼ ልምጣ?» አለ። የሚቀጥለውን በሽተኛ ጠሩ። ኮሪደሩ ላይ ፖለማ ትጠብቀው ነበር፤ «ምን አሉህ? ምን አሉህ?» ትላለች። «ጥሩ አድርገሃል አሉኝ» አላት። ፊቱ በርቶ ነበር።

ፋይሉ ጭኔ ላይ ነው። የመጨረሻው መስመር «ታካሚው ጥፋቱን አምኗል፤ ዳግም ለሕክምናው የማይመረጥ» ይላል። ሁለት ዓመት ከዚህ ሕንፃ አልወጣሁም፣ ከዚህ መዝገብ ቤት ወጥቶ የተመለሰ ፋይል አላየሁም። ዶክተሩ ዛሬ በአምስት ሰዓቱ ባቡር ወደ ቼናይ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ አዲስ ሰው፣ አዲስ ዓይን ነው የሚያዩት።

መዝገብ ቤቱ ሰውዬ አሁን በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «እመቤቴ፣ ትሰጪኛለሽ ወይስ የፍቅር ደብዳቤሽን እስክትጨርሺ ልጠብቅ?»

«ትንሽ ጠብቀኝ» አልኩት።

«ይሄ ባንክ መሰለሽ? አምጪው፣ ማኅተሙን ልምታና ሻይዬን ልጠጣ።»

እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ሰዓቱ ሦስት ተኩል አልፏል። ዶክተሩ ገና ፎቅ ላይ ናቸው፤ ሁለት በሽተኛ ነው የቀራቸው። እርስዎ የጻፉትን እሰጣቸዋለሁ፤ ያችን አንድ መስመር ግን ፊታቸው በእስክሪብቶ ሰርዤ፣ ምን እንደነበር በአፌ ነግሬ። ስለ ግራ እጅዎ አልናገርም፤ እሱ ለእርስዎ ይቆይ።

«ኧረ ወዴት ነሽ? ፋይሉን!» ይለኛል።

ፋይሉን ይዤ ወደ ላይ ልወጣ ተነሥቻለሁ።